ክራርን በጎልማሳነት መማር፦ የእጅ ስልክን ረዳት ላደረገ ጀማሪ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ክራር መማር የጀመርሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ የቢሮ ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ክራርን፣ መሰንቆንና ዋሽንትን በመደበኛ ትምህርት የሚያስተምረው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ትዳርና ሥራ የያዘ ሰው በየሳምንቱ ዓባይን እየተሻገረ ሊማር አይችልም፤ በአካባቢዬ የማውቃቸው ክራር ገራፊዎችም ከሰርግ ወደ ሰርግ ሲሉ ተቀምጦ ለማስተማር ጊዜ የላቸውም። የቀረኝ በኪሴ ያለው ስልክ ብቻ ነበር። ዛሬ ከሦስት ዓመት በኋላ ሳስበው፣ ስልኩ ባሳየኝ ቪዲዮ ሁሉ ከተጠቀምሁት ይልቅ የራሴን ድርደራ ቀድቶ መልሶ ባሰማኝ ጊዜ የተጠቀምሁት ይበልጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በዚሁ አስተያየት ላይ የቆሙ ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ጎልማሳ ተማሪ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ጆሮው የበሰለ ነው፤ ትዝታን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማ ስላደገ የተበላሸውን ከተስተካከለው ይለያል። እጁ ግን ገና ጀማሪ ነው። ይህ ልዩነት ያሳፍረዋል፤ ኀፍረቱም ያቻኩለዋል፤ ስለዚህ ሁለት ነጠላ ድምፅ በቅጡ ሳያወጣ ሙሉ ዘፈን ለመጫወት ይሮጣል። ብዙዎቹ የስልክ መሣሪያዎች የሚጠቅሙት ይህን ጥድፊያ ለመግታት ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ መሣሪያውን በስልክ እየፈተሹ መግዛት

ለጀማሪ የሚሻለው ገበቴው (ድምፁ የሚያስተጋባበት ጎድጓዳ አካሉ) በቆዳ የተለበጠው የተለመደው ባለ ስድስት አውታር ክራር ነው። ለመድረክ የሚሠራው የኤሌክትሪክ ክራር ማጉያ ይፈልጋል፤ በባዶው ሲመታ ድምፁ ስለሚደክም የስልክ ማይክሮፎን በደንብ አይሰማውም፤ ቤት ውስጥ ለሚለማመድ ሰውም ተጨማሪ ወጪ ነው።

ሱቁ ውስጥ ቆመው የሚከተለውን ያድርጉ። የቅኝት መተግበሪያ (የአውታሩን ድምፅ ሰምቶ ልክ መሆኑን በመርፌ የሚያሳይ) ስልክዎ ላይ አስቀድመው ይጫኑ፤ አንዱን አውታር አንድ ድምፅ ላይ ያቁሙ፤ ከዚያ ከሻጩ ጋር ስለ ዋጋ እየተነጋገሩ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይቆዩና እንደገና መትተው ይመልከቱ። አዲስ አውታር ጥቂት መላላቱ የማይቀር ነው፤ ነገር ግን መርፌው በጣም ወርዶ ካገኙት፣ አውታሩን የሚያጠብቀው መቃኛ በቀንበሩ (አውታሮቹ በሚታሰሩበት የላይኛው እንጨት) ቀዳዳ ውስጥ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። የእንጨት መቃኛ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ክፍል ጠመኔ ቀባ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ቀንበሩ ራሱ የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ዋጋው ምንም ቢቀንስ አይግዙት። ብርኩማው (አውታሮቹን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው) ቆዳው ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን፣ አውታሮቹም በብርኩማው ላይ በእኩል ርቀት መቀመጣቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

አውታሩ ጥንት ጅማት ነበር፤ ዛሬ ናይለን ወይም የብረት ክር ነው። ናይለን ለጀማሪ ጣት ይራራል። ባሕር ዳር ያሉ ጓደኞቼ ሲበጠስባቸው ከጣና ዳር ሱቆች የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገዝተው ይተኩታል፤ ወፍራሙን ለወፍራም ድምፅ፣ ቀጭኑን ለቀጭን ድምፅ እስከመረጡ ድረስ ይሠራል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ስልኩን ማዘጋጀት

አራት ነገር ይበቃል፤ እነርሱም የቅኝት መተግበሪያ፣ ሜትሮኖም (እኩል ምት እየቆጠረ የሚያሰማ)፣ ድምፅ መቅጃና ቪዲዮ ማጫወቻ ናቸው። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ፤ ድምፅ መቅጃው ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣው ይበቃል። «ሙዚቃ በሠላሳ ቀን» እያሉ በየወሩ ክፍያ የሚጠይቁ መተግበሪያዎች በአብዛኛው ለጊታርና ለፒያኖ የተሠሩ ስለሆኑ ለክራር ተማሪ የሚሰጡት ጥቅም ጥቂት ነው፤ ገንዘብዎን ለመለዋወጫ አውታርና ለአስተማሪ ያስቀምጡ።

ከልምምድ በፊት ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት። ይህን ቀላል ነገር ለማድረግ ብዙ ወራት ፈጅቶብኛል፤ በቴሌግራም የሚገባ አንድ መልእክት ሃያ ደቂቃዬን ስንት ጊዜ እንደበላው እኔ ነኝ የማውቀው። ኤርፎን የሚጠቀሙ ከሆነ ባለ ገመዱን ይምረጡ፤ የብሉቱዝ ኤርፎን ድምፁን ጥቂት አዘግይቶ ስለሚያደርስ፣ ከሜትሮኖም ጋር ሲለማመዱ እጅዎ ትክክል ሆኖ ሳለ የዘገየ ወይም የቀደመ ይመስልዎታል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ መቃኘት

ጀማሪ የሚሰናከለውም፣ ስልክም ከሁሉ በላይ የሚያግዘው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

የሀገራችን ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አላቸው፤ በባለ ስድስት አውታር ክራር ላይ ስድስተኛው አውታር የመጀመሪያውን ድምፅ በቀጭኑ ይደግማል። ትዝታ ሜጀርና ማይነር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ በትዝታ ሜጀር ይጀምሩ፤ ቢያንስ ለሁለት ወር ከእርሱ አይውጡ። አውታሮቹን እዚህ የምቆጥረው ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ ነው፤ አስተማሪዎች አቆጣጠራቸው ስለሚለያይ ቪዲዮ ሲከተሉ አስቀድመው ይህን ያጣሩ።

ዶን መነሻ ካደረግን የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ይሆናሉ። መተግበሪያው ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጽፍ የሚያዩት ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በዶ ሬ ሚ አቆጣጠር ሰባተኛው ድምፅም «ሲ» ተብሎ ስለሚጠራ፣ የፊደሉ ሲ ዶ መሆኑን ያልተረዳ ሰው ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይቃኛል። መተግበሪያው ከፊደሉ ጎን ቁጥር ካሳየ፣ ንዝረቱ በሰከንድ 261.6፣ 293.7፣ 329.6፣ 392፣ 440 እና 523.3 አካባቢ መሆን አለበት። ይህ ልኬት ላን 440 አድርጎ በሚጀምረው በተለመደው የዓለም መለኪያ የተሰላ ነው፤ ስለዚህ በመተግበሪያው ማስተካከያ ውስጥ ይህ ቁጥር አለመለወጡን ይመልከቱ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መተግበሪያውን ይክፈቱና የጊታር ቅኝት ከሚለው አውጥተው «ክሮማቲክ» (ሁሉንም ድምፅ የሚለካ) የሚለው ላይ ያድርጉት። ስልኩን ከገበቴው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት። በግራ እጅዎ አምስቱን አውታሮች አፍነው አንዱን ብቻ ይምቱ፤ ሁሉም አብረው ከነዘሩ መተግበሪያው ግራ ይጋባል። ከሚፈልጉት ድምፅ በታች ይጀምሩና ቀስ ብለው እያጠበቁ ወደ ላይ ይውጡ፤ ከላይ ወደ ታች እያላሉ የሚደርሱበት ድምፅ ቶሎ ይወርዳል። መርፌው መሐል ላይ ሲቆም ወደሚቀጥለው ይለፉ። ስድስቱንም ከጨረሱ በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ይድገሙ፤ ምክንያቱም የኋለኞቹ ሲጠብቁ ቀንበሩንና ቆዳውን ስለሚስቡ የፊተኞቹ ሳይላሉ አይቀሩም።

«ክሮማቲክ» የሚለውን ያጠበቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የመጀመሪያውን ሳምንት መተግበሪያው በጊታር ቅኝት ላይ ሳለ ነበር የምቃኘው። ጊታር ክፍት አውታሮቹ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ስለሆኑ፣ የጊታሩም ዲ ከክራሬ ሬ በጣም ስለሚወፍር፣ መተግበሪያው የክራሬን ሁለተኛ አውታር ሬ ላይ አልተው ብሎ «አጥብቅ፣ አጥብቅ» እያለ ወደ ኢ ወሰደኝ፤ ያረጀ ክር ነበርና ፊቴ ላይ ጢው ብሎ ተበጠሰ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ዘፈኑ አለቀ?» አለችኝ። ጥፋቱን ለክራር ሠሪው ሰጥቼ ሦስት ቀን ካኮረፍሁ በኋላ ነው ጊታር የሚለውን ቃል ያየሁት።

መነሻውን ዶ ላይ ማድረግ ግዴታ አይደለም። የሚዘፍን ሰው መነሻውን ከድምፁ ጋር ያስማማል። ዶ የሚቀጥንብዎ ከሆነ በጂ ይጀምሩ፤ ያን ጊዜ አውታሮቹ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ይሆናሉ። በየትኛውም መነሻ ቢሆን ርቀቱ አንድ ነው፤ ሙሉ ድምፅ፣ ሙሉ ድምፅ፣ አንድ ተኩል፣ ሙሉ ድምፅ፣ አንድ ተኩል።

መተግበሪያው የሚለካው ግማሽ ድምፆቹን ሁሉ እኩል በሚያደርገው የፒያኖ ስምምነት ነው። የቆዩ ክራር ገራፊዎች በጆሯቸው የሚያቆሙት ድምፅ፣ በተለይ በአንቺሆዬና በአምባሰል፣ ከዚህ ልኬት ጥቂት ወጣ ወይም ወረድ ሊል ይችላል፤ ይህ ስሕተት ሳይሆን የቅኝቱ ጣዕም ነው። ስለዚህ መተግበሪያውን እስከ ደጃፉ እንደሚሸኝ ሰው ይውሰዱት፤ የመጨረሻውን ቅንጣት ማስተካከያ በጆሮዎ ይጨርሱ።

የአየሩም ነገር አለ። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፤ በጎጃም ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲከታተል ገበቴው ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ ይደርቅና ይጠብቃል። ማታ በሚገባ የተቃኘ ክራር ጠዋት ቢፈርስ አይገረሙ። ክራሩን ለማድረቅ እሳት አጠገብ ማስጠጋት ቆዳውን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ መስቀል ይሻላል።

አራተኛ ደረጃ፦ አንድ አስተማሪ መምረጥ

በዩቲዩብና በቴሌግራም የክራር ትምህርት ብዙ ነው፤ ችግሩ መብዛቱ ነው። አንዱ በጣት የሚነጠል ድርደራ ያስተምራል፤ ሌላው አውታሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ የሚመታውን ግርፍ ያስተምራል፤ ሦስተኛው አውታሩን ከቀጭኑ ጀምሮ ይቆጥራል። አንድ ሰው ይምረጡና ቢያንስ ሦስት ወር ከእርሱ ጋር ይቆዩ። ሲመርጡ የሚያዩት የአስተማሪውን ዝና ሳይሆን ካሜራውን ነው፤ ሁለቱም እጆች ይታያሉን? አንዱን ምት በዝግታ ደግሞ ያሳያልን? ቅኝቱን ከመጀመሪያው ይናገራልን? ሦስቱንም የማያደርግ ቪዲዮ ለመዝናኛ እንጂ ለመማሪያ አይሆንም።

ቪዲዮው በፊት ካሜራ የተቀረጸ ከሆነ ምስሉ እንደ መስተዋት ተገልብጦ ሊሆን ስለሚችል የአስተማሪው ግራ እጅ ቀኝ መስሎ ይታያል። ከኋላው የተጻፈ ጽሑፍ ካለ ተገልብጦ እንደሆነ በመመልከት ይለዩታል።

ቪዲዮውን በየቀኑ ከኢንተርኔት ከመክፈት ኔትወርክ ሲፈጥን፣ የሌሊት ጥቅልም ካለዎት በሌሊት፣ አንድ ጊዜ ስልክዎ ላይ ማስቀመጡ ይቆጥባል። ከትምህርቱ ጎን ለጎን አስናቀች ወርቁን፣ ካሳ ተሰማንና ሜሪ አርምዴን ለመስማት ጊዜ ይስጡ፤ ክራር ከዘፋኝ ድምፅ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር ከእነርሱ ይሰማል።

አምስተኛ ደረጃ፦ አዝግሞ መድገም

የአብነት ተማሪ ንባብን በአንድ ጊዜ አይሮጥበትም። ፊደሉን አንድ በአንድ እየነካ በቁጥር ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ግእዝ፣ ወደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ወደ ቁም ንባብ ይሄዳል። ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ዜማ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ሲያልፍ ሰምቶታል። ክራርንም በዚሁ ሥርዓት እንዲማሩት እመክራለሁ፤ ስልኩ የሚሰጠው ቁጥር ንባብን ነው።

በዩቲዩብ ላይ ጥርስ ያለውን የማስተካከያ ምልክት ሲነኩ የመጫወቻ ፍጥነት የሚል ይመጣል፤ ከ0.25 እስከ 2 ድረስ ይለወጣል። ፍጥነቱ ሲቀንስ የድምፁ ከፍታ ስለማይለወጥ፣ የእርስዎ ክራር በተመሳሳይ ቅኝት ካለ አብረው መምታት ይችላሉ። 0.5 ላይ ድምፁ እየተቆራረጠ ስለሚጎረብጥ እኔ 0.75ን እመርጣለሁ፤ ጣቱ ግልጽ ካልሆነልኝ ብቻ ወደ 0.5 እወርዳለሁ። የስክሪኑን ግራ ጎን ሁለት ጊዜ መንካት ዐሥር ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሳል። ኮምፒውተር ያለው ሰው በቪ ኤል ሲ ማጫወቻ መነሻና መድረሻ ወስኖ አንዷን ሐረግ ብቻ ያለማቋረጥ ማስደጋገም ይችላል፤ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራምም የተቀዳ ዜማን ከፍታውን ሳይነካ ያዘገያል።

ከአራት እስከ ስምንት ምት ያላትን አንዲት ሐረግ ይምረጡ። ክራሩን ሳይነኩ አምስት ጊዜ ያድምጧት። ከዚያ በአፍዎ ያንጎራጉሯት። ያላንጎራጎሩትን ጣትዎ አያገኘውም፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ ኋላም ጣቴ አልታዘዝ አለኝ ይላል። ማንጎራጎርዎ መስመር ላይ መሆኑን ማወቅ ከፈለጉ ያው የቅኝት መተግበሪያ የሰው ድምፅንም ይለካል፤ ዶን አንስተው በረዥሙ ይበሉና መርፌውን ይዩ። እኔ ልክ ነኝ ብዬ ስዘፍን ሚ ላይ ሁልጊዜ እንደምወርድ ያወቅሁት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ክራሩ ይሂዱ። በግርፍ አመታት የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ በኩል አውታሮቹን አፍነው ይይዛሉ፤ ቀኝ እጅ በመምቻ ሁሉንም ይገርፋል፤ የሚፈለገውን ድምፅ የሚያወጣው ከአውታሩ ላይ የተነሣው ጣት ነው። ጀማሪ ሁልጊዜ ስለ ቀኝ እጁ ይጨነቃል፤ ዜማው ያለው ግን በግራው ነው። አምስት ጣት ለስድስት አውታር ስለሆነ አንዱ ጣት ሁለት መጠበቅ ይኖርበታል፤ የትኛው እንደሚጠብቅ ከመረጡት አስተማሪ ጋር ያስማሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ግርፉን ትተው ጣት ማንሣትንና መመለስን ብቻ ይለማመዱ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ሜትሮኖም

ስለ ሜትሮኖም ብዙ አልልም። በደቂቃ 60 ምት ላይ ያድርጉት፤ ሐረጓን ሦስት ጊዜ ሳይሳሳቱ ከመቱ በአራት በአራት ይጨምሩ፤ ሲሳሳቱ በስምንት ዝቅ ይበሉ። የችክችካ ምት ሦስት ሦስት እየሆነ ስለሚቆጠር አንዱን የሜትሮኖም ምት ለሦስት ይስጡት፤ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ ካሰሙ ጭፈራው ይጠፋና ሰልፍ ይመስላል። የትዝታ መግቢያ በነፃ አካሄድ የሚሄድ ስለሆነ እዚያ ላይ ሜትሮኖሙን ያጥፉት።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ራስን መቅዳት

ከመመሪያው ሁሉ አንዱን ብቻ ይምረጡ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ሰው እየመታ ሳለ ራሱን አይሰማም፤ በልቡ ያለውን ዘፈን ነው የሚሰማው። ልምምድዎን ከመጨረስዎ በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ይቅዱ። ስልኩን ክራሩ ባለበት ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡት፤ የእንጨቱ ንዝረት ድምፁን ያደናግራል፤ አንድ ክንድ ርቆ በሌላ ወንበር ላይ፣ በተጣጠፈ ነጠላ ላይ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ፋይሉን በቀኑ ይሰይሙት፤ ወዲያው ግን አያድምጡት። እሑድ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ስድስት ቅጂ በተከታታይ ይስሙ።

ስትሰማ ምን እንደምትፈልግ ካላወቅህ የሚቀርልህ ሐዘን ብቻ ነው ብሎ አንድ ወዳጄ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ያድምጡ። በመጀመሪያው እሑድ ቅኝቱ ቆሞ እንደሆነ፣ በሁለተኛው ምቱ እየፈጠነ እንደሆነ፣ በሦስተኛው ያልተፈለገ አውታር አብሮ ይጮህ እንደሆነ ይጠይቁ። እኔ በሦስተኛው እሑድ ከእያንዳንዱ ሶል ቀጥሎ አንድ ቀጭን ጭራ የምትመስል ድምፅ ስትከተል ሰማሁ። ለቀናት ከቆዳው መስሎኝ ስፈልጋት ቆይቼ፣ ቪዲዮ ከጎን ቀርጬ በ0.25 ሳየው የቀለበት ጣቴ ወደ አውታሩ የሚመለሰው ዘግይቶ መሆኑን አየሁ። ያቺን አንዲት ጣት ለዐሥር ቀን ብቻዋን በማንሣትና በመመለስ ጭራዋ ጠፋች። ማንም አስተማሪ በሩቅ ሆኖ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ከሰው ጋር መገናኘት

በወር አንድ ጊዜ እንኳን ቢሆን የሚችል ሰው ይስማዎ። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ለሥራ ሲሄዱ የሚያውቁት ክራር ገራፊ ካለ ቀን አስቀድመው ደውለው፣ ክፍያውን ተነጋግረው አንድ ሰዓት ይጠይቁ፤ ባለሙያን «እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጠይቅህ» ማለት ነውር ነው። መሄድ ካልቻሉ አርባ ሰከንድ የሚሆን ቅጂ በቴሌግራም ይላኩ፤ በድምፅ መልእክት እንደገና ከመቅዳት የተቀዳውን ፋይል ራሱን ቢልኩ ጥራቱ አይወርድም። ከቅጂው ጋር አንድ የተለየ ጥያቄ ይጻፉ፤ «እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቁ «ጎበዝ፣ ቀጥል» ከሚል በቀር መልስ አያገኙም።

በዙም በቀጥታ የሚማሩ ከሆነ ፕሮግራሙ ለንግግር ተብሎ ስለተሠራ የክራርን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል፤ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ለሙዚቀኞች የተዘጋጀውን፣ ድምፁን ሳይነካ የሚያሳልፈውን ምርጫ ያብሩት። ድምፅ በመንገድ ስለሚዘገይ ከአስተማሪው ጋር በአንድነት ለመምታት አይሞክሩ፤ እርሱ ይምታ፣ ከዚያ እርስዎ ይድገሙ።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ ወደ ሁለተኛው ቅኝት መሻገር

በቀን ሃያ ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይበቃል፤ አምስቱን ለመቃኘት፣ ዐሥሩን ለአንዲት ሐረግ፣ አራቱን ለሚያውቁት ዘፈን፣ የቀረችውን ለቅጂ ያድርጓት። ከሁለት ወር በኋላ ለመሻገር መድረስዎን የሚያውቁት እንዲህ ነው። መተግበሪያውን ለመጀመሪያው አውታር ብቻ ይጠቀሙበት፤ ከዚያ ስልኩን ይገልብጡትና የቀሩትን አምስት በጆሮዎ ይቃኙ። ሲጨርሱ ስልኩን አንሥተው ይለኩ። መርፌው በእያንዳንዱ አውታር ላይ ከመሐሉ እምብዛም ካልራቀ፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን አውታር ብቻ በግማሽ ድምፅ ያላሉ፤ መተግበሪያው በዶ መነሻ ኢ ፍላትና ኤ ፍላት ብሎ ሲጽፍ ክራርዎ በትዝታ ማይነር ቆሟል። መርፌው ካልተስማማ ግን በየትኛው አውታር እንደሳቱ በወረቀት ጽፈው ለሁለት ሳምንት ከዚያ አውታር ይጀምሩ።